ጣራዋን ያጠረችው ፅጌረዳ

ፅጌረዳ የቆርቆሮ ቤቷን ጣራ ዙሪያውን በአጣና ያሳጠረች ጊዜ ከሳቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ ኋላ ላይ ሰውን መዝለፍ ስጀምር «አንተስ የት ነበርክ?» እንዳትሉኝ ነው። እዚያው ነበርኩ። ማሳዬ ከቤቷ በላይ ነው፤ ቁልቁል እያየሁ፣ በሬዎቼን ትልም መሀል አቁሜ፣ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። በሬዎቹም ሳይታሰብ ዕረፍት አግኝተው ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር።

የታጠረ ግቢ እናውቃለን። የታጠረ ማሳም እናውቃለን። የታጠረ ጣራ ግን ጋይንትን አካላችሁ፣ ስማዳን ዞራችሁ፣ እስቴ ብትወርዱ አታገኙም። የእኛ አገር ጣራ በሁለት ወገን ያዘቀዘቀ ነው፤ ጠል ሲነካው ድመት እንኳ ያንሸራትታል። ማን ወጥቶበት ማን ሊወድቅ ነው?

ፅጌረዳ ግን ሞኝ አይደለችም። ሞኝ ብትሆን ኖሮ ስለ እሷ ለማውራት ምላሴን አላደክምም ነበር። ወደ ጋይንቷ ቤተ ልሔም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለችው መንደራችን የተወለደች፣ ባሏንም እዚያው የቀበረች፣ ሃምሳ ዓመት ልትደፍን ጥቂት የቀራት ሴት ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ግን ከማዶ ያለ በሬ ያስቆማል። ማንበብ የተማረችው በልጅነቷ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ዘመቻው ሲያልቅ እኛ ፊደሉን ከጠመኔው ጋር መልሰን አስረከብን፤ እሷ ይዛው ቀረች። መጽሐፍ ቅዱሷን በጣቷ እየተከተለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ከሁሉ የምትወደው ደግሞ ሌላው ሰው የሚዘለውን ነው፤ የኦሪቱን ሕግ፣ በሬ እንዳይገባበት ስለሚከደነው ጉድጓድ፣ ስለ ወፉ ጎጆና ስለ መጁ የተጻፈውን።

«ወንጌሉን አታነቢም እንዴ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር አንድ ጊዜ።

«አነባለሁ። ኦሪቱ ግን ስለ እኛ ሥራ ነው የሚያወራው። እግዜር በሬ እንዳለኝ የሚያውቅ ይመስለኛል» አለችኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የዛሬ አሥር ዓመት ግድም፣ በጥር መጨረሻ፣ የፅጌረዳ እናት እማማ እመቤት ከአውድማው ጠርዝ ወድቀው ሞቱ። አውድማቸው ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ገደሉ አፍ ላይ ነው። ሌላ ደልዳላ መሬት የለም፤ ነፋሱም የሚመጣው በዚያ ነው። ወንዶቹ ገብሱን በመንሽ ወደ ላይ እየበተኑ ሲያነፍሱ፣ እማማ እመቤት ጠርዝ ጠርዙን የተረፈውን ምርት ወደ ኋላ እየሄዱ ይጠርጉ ነበር። ነፋሱ ዞረና ዓይናቸውን በገለባ ሞላው። አንድ እርምጃ ብቻ ነው የተሳሳቱት።

ባላቸው አያ ክንዱ አርባው ከወጣ በኋላ እቃቸውን ጠቅልለው፣ ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ ወዳገባችው ታናሽ ልጃቸው ወደ ውዴ ሄዱ። «ይህ ግቢ ደም አለበት። እኔ ደም ባለበት አላድርም» ብለው ነው የሄዱት። ከዚያ ወዲህ የሚመጡት በዓመት አንድ ቀን፣ ለእማማ እመቤት ዝክር ብቻ ነው። ያን ቀን እንኳ ስልቻቸውን በራፉ ላይ ይሰቅሉታል፤ አፉን አይፈቱትም። ጸበል ጸዲቁን ቀምሰው ቀትር ሳይሞላ ማዶ፣ ወንድማቸው ዘንድ ይሻገራሉ።

ፅጌረዳ በሕይወቷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ያ ስልቻ ግቢዋ ውስጥ ተፈትቶ ማየት። የአባቷ ዓይን እየደከመ ነው፤ ሰው የሚለዩት በድምፅ ሆኗል። «አገሩን ሳያይ ከሚሞት፣ ባያየውም በእጁ ይዳስሰው» ትላለች። ለዚህ ብላ ነው አሮጌውን የሣር ቤት አፍርሳ የቆርቆሮ ቤት የሠራችው። አዲስ ቤት ደም የለበትም ብላ አሰበች። ሲያልቅ ለአባቷ አስደወለች። አያ ክንዱ በውዴ ስልክ የመለሱላት አጭር ነበር፦

«ቤቱ አዲስ ነው ልጄ፤ ግቢው ያው ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ኦሪቷን ከፍታ ያን ቃል ያገኘችው፦ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ። አስቡት እስኪ! አዲስ ቤት ይላል። መውደቅ ይላል። ደም ይላል። አባቷ ያሉት ሁሉ አለበት፤ መድኃኒቱም አብሮ ተጽፏል። እልልታዋን እኔ ከማሳዬ ሰማሁት፤ ልጅ የተወለደ ነው የመሰለኝ።

በማግስቱ አናጢውን ደምሌን ጠራችው።

«ደምሌ፣ ጣራዬን እጠርልኝ።»

«ምንሽን?»

«ጣራዬን ነዋ።»

«ከምን? ጅብ ሊወጣበት ነው?»

«ሕግ ነው።»

«የቀበሌ?»

«የሙሴ።»

ደምሌ መዶሻውን አስቀመጠና ራሱን አከከ። «እቴ ፅጌ፣ ሙሴ ቆርቆሮ ያውቃል?»

«አንተ ታውቃለህ አይደል? በቃ ምታ።»

መታላት። በክፈፉ ዙሪያ አጣና አቆመ፣ ማገር አጋደመ፣ ከመሀሉ ጭራሮ ተጎነጎነ። ደምሌ ከወረደ በኋላ ቆም ብሎ አየና «ለአሞራ በረት ሠራሁ» አለ። ያ ቃል በአንድ ቀን መንደሩን አዳረሰ። «የአሞራ በረት» የሚሉት በዙ። «ዘውድ የደፋችው ቤት» የሚሉም ነበሩ። ከከተማ ለለቅሶ የመጣ አንድ ጎረምሳ በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው፤ መካነ ኢየሱስ ያለች የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ መንደራችሁ ቫይራል ሆኗል እኮ» ብላ ደወለችልኝ። ትርጉሙ ዓለም ሁሉ ሳቀ ማለት መሆኑን ያወቅኩት ጠይቄ ነው።

ሰኔ ገባ። የእኛ አገር ነፋስ የታወቀ ነው፤ አጥሩ ውስጥ ሲገባ ዋሽንት ይነፋል። በረዶው ጭራሮው ሥር ተቆልሎ ይቀራል። ውኃው በምስማሩ ቀዳዳ እየገባ ቤቷ ውስጥ ጣሳ በጣሳ ሆነ። ርግቦች ግን እጅግ ተደሰቱ፤ ሦስት ጎጆ ሠሩ። ፅጌረዳ ጣሳዎቹን እየደፋች፣ ለሚያፌዝባት ሁሉ «ሕጉ ያፈሳል እንጂ አይወድቅም» ትላለች። ቸሬ ደግሞ አለ፤ መሬቷን በእኩል የሚያርስላት፣ ምርቱንም እዚያው አውድማ ላይ አብሯት የሚወቃ ጎረቤቷ። እሱማ በየጧቱ ሲያልፍ ወደ ላይ እያንጋጠጠ «ዛሬስ ማን ወደቀ?» ይላት ነበር።

«ወሬህ ወድቆ ተሰበረ» ትለዋለች።

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ ሙሉውን ነገር ለአባቷ በስልክ ነገረቻቸው። ሕጉን አነበበችላቸው። አጣናውን ቆጠረችላቸው። ውዴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ አያ ክንዱ ስልኩን በጆሯቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ እናትሽ እኮ ከጣራ አልወደቀችም።»

ፅጌረዳ ሦስት ቀን አልተናገረችም። ያ ከማዶ በሬ የሚያቆም ድምፅ ጠፋና መንደሩ ጭር አለ። ቸሬ እንኳ ሲያልፍ ቀና ማለት ተወ። በአራተኛው ቀን ነጠላዋን አደግድጋ ብቅ አለች። «ቤተ ልሔም ልሄድ ነው፤ የኔታን እጠይቃለሁ» አለችኝ። እኔም የባቄላ እሸት ተሸክሜ ተከተልኳት። እውነቱን ልናገር፦ የሄድኩት ሲገሥጿት ልሰማ ነው።

የኔታ ገብረ ኢየሱስ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው፤ ጥዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ደበሎ የለበሱ ተማሪዎች ከበዋቸው አገኘናቸው። ፅጌረዳ መስቀል ተሳልማ ከፊታቸው ቁጭ አለች።

«ይፍቱኝ የኔታ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ጣራ ያጠርሽው አንቺ ነሽ?»

ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ተማሪዎቹ በደበሏቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ነኝ የኔታ። ያለውን ፈጸምኩ። ሰው ሳቀብኝ፤ ሰው ይሳቅ። አባቴ ግን አልመጣልኝም። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?»

የኔታ አልገሠጿትም። «ሙሴ ይህን ያዘዘው ለማን ነው?» አሏት።

«ለእስራኤል።»

«ቤታቸው ምን ይመስላል?»

«ኧረ እኔ በየት አይቼው!»

«እኮ! ቤቱን ሳታዪ ነው ጣራውን ያጠርሽው።»

አጎንብሰው አራት ድንጋይ አቆሙና በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫኑ። «ይኸውልሽ የዕብራውያን ቤት። ግድግዳው ድንጋይ፤ በላዩ ግንድ ይጋደማል፤ በግንዱ ላይ ጭራሮ፣ በጭራሮው ላይ ጭቃ። ዝናብ ባጠበው ቁጥር ድንጋይ እያንከባለሉ ይደመድሙታል። ሜዳ ነው ጣራቸው። ደረጃ አለው። በበጋ ይተኙበታል፤ እንግዳ ያስቀምጡበታል፤ እህል ያሰጡበታል። ረዓብ ሰላዮቹን የት ሸሸገቻቸው?»

«ጣራዋ ላይ፣ የተልባ እግር ከምራባቸው።» ፅጌረዳ ድንገት ጭኗን መታች። «ወይኔ! ለካ እያሰጣች ነው! እኔ እኮ ሁልጊዜ ‹ይህች ሴት ተልባ ጣራ ላይ ምን ታደርጋለች› እያልኩ ስገረም ኖርኩ።»

«ጴጥሮስስ ስድስት ሰዓት ላይ ሊጸልይ የወጣው?»

«ጣራ ላይ።»

«እንዴት አድርገሽ ነበር ያሰብሽው?»

ፅጌረዳ አፈረችና ወደ መሬት አየች። «በአንድ እጁ ክፈፉን ይዞ።»

ተማሪዎቹ ከዚያ በላይ አልቻሉም። አንዱማ ከተቀመጠበት ወደቀ። «ምን ያስቃችኋል?» አለች ፅጌረዳ፣ ድምፅዋ ተመልሶላት፤ «ቅዱስ ነው፣ ይችላል ብዬ ነዋ!» የኔታም ራሳቸው ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠራርገው ሲያበቁ ግን ፊቷን ተመለከቱ፤ አሁንም እየጠበቀች ነበር።

«ታዲያ ለእኛ አይደለም ማለት ነው የኔታ? እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ የኦሪቱ ሕግ ካለፈ ልንቀለውና ልገላገል።»

«ቆይ አትቸኩዪ። ጣራው ለእኛ አይደለም። ግን ሙሴ ባልንጀራህን ውደድ ብሏል፤ ጌታም ያንኑ ነው ያጸናው፣ ሕጉ ሁሉ በዚያ ላይ ነው ያለው። ይኸው ትእዛዝ ደግሞ ያው ፍቅር ነው፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ። ሰው እቤትህ መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ እንዳይወድቅብህ ከልለው ነው የሚልህ። ሕግ ስታነቢ መጀመሪያ አገራቸው ሂጂ፤ ቤታቸው ግቢ፤ ጣራቸው ላይ ውጪና ዙሪያውን እዪ። ከዚያ ደግሞ ወደ አገርሽ ተመለሺ። አንቺ ግን ሳትሄጂም ሳትመለሺም ነው ያጠርሽው።» ጠፍጣፋውን ድንጋይ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «እስኪ ንገሪኝ፤ አንቺ ቤት ሰው የሚሰበሰብበት፣ እህል የሚሰጣበት፣ በበጋ የሚታደርበት ከፍ ያለ ሜዳ የቱ ነው?»

ፅጌረዳ ጠፍጣፋውን ድንጋይ አየችው። እኔም ከኋላዋ ቆሜ የባቄላው ሸክም ከበደኝ።

«አውድማው» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

አሁን ተራው የእኔ ነው፤ ተቆጥቼ ልናገር። ዘጠኝ ዓመት! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ አውድማ ላይ በየበጋው ወቅተናል። እማማ እመቤት የወደቁበትን ቦታ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስናልፍ እናማትባለን፤ ሴቶቹን «ጠርዙን ተጠንቀቁ» እንላለን። አንድ ድንጋይ ግን ያስቀመጠ የለም። ለቅሶው ላይ «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብለን ነው የተበተንነው። የእግዜር ፈቃድ! እግዜር ፈቃዱን ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በግልጽ አስጽፎ ሰጥቶን፣ «ከልሉ» ብሎን፣ እኛ የእጃችንን ስንፍና በእሱ እናሳብባለን። አንዲት ሴት ሕጉን ከልቧ አምና ለመፈጸም ስትነሣ፣ ቦታውን ብትስት፣ ቦታውን ያላየነው ሁሉ ሳቅንባት። እሷ የሳተችው ሃያ ክንድ ያህል ነው፤ ከጣራው እስከ አውድማው። እኛ የሳትነው ስንት እንደሆነ ራሳችሁ ለኩ። በየገበያው ሕጉን በድምፅ ማጉያ የሚጮኹትንም እንዲሁ ታዘብኳቸው፤ ቃሉን ያውቁታል፣ አገሩን አያውቁም፣ የገዛ ግቢያቸውንም አያዩም።

በመንገድ ላይ ይህን ሁሉ ለራሴ ስደነፋ ፅጌረዳ ዞር አለችና «ዝም ብለህ ሂድ፤ ነገ ድንጋይ ትሸከማለህ» አለችኝ።

ተሸከምኩ። ደቦ ጠራች፤ ጥቅምት ነበርና ጠላውም ቆሎውም ነበረ። ያላሰብኩት ነገር፣ ከሳቁት አንድም የቀረ አልነበረም። ቸሬ ብቻ ድንጋዩን ይዞ መጥቶ መሀል አውድማ ላይ ተገተረ።

«እቴ ፅጌ፣ እኔ አልቃወምም። ግን ካብ ከካብሽ ነፋሱን ዘጋሽብኝ ማለት ነው። ገብሱን በአፌ እፍ እያልኩ ላነፍስ?»

«የአፍህ ነፋስስ ለሦስት አውድማ ይበቃ ነበር።»

ሰው ሳቀ፤ ጭንቀቱ ግን እውነት ነበር። ነፋስ የሌለው አውድማ አውድማ አይደለም። አንዱ ካቡን እናሳንሰው አለ፤ ሌላው ያነሰ ካብ ሰው አያግድም፣ ያደናቅፋል እንጂ አለ። ጭቅጭቁ ሲሞቅ ፅጌረዳ ፊቷን ወደ ቤቷ መልሳ ጣራዋን ታይ ነበር። ነፋሱ በአጥሩ መሀል እያለፈ ዋሽንቱን ይነፋል።

«ስሙት» አለች። «ያልፋል እኮ።»

ነገሩ በዚያው አለቀ። ካቡ እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይ ይሁን፤ ከዚያ በላይ የጣራው አጣና ይቁምበት፤ ጭራሮው ይውጣና መሀሉ ክፍት ይሁን። ደምሌ መሰላሉን አመጣ። «ስመታው ሳቃችሁ፤ ስነቅለው ደግሞ እስኪ አልቅሱ» እያለ ወጣ። ርግቦቹ ጫጩቶቻቸውን አስወጥተው ሄደው ስለነበር ማንም አልተበደለም። አጣናው አንድ በአንድ ወረደ፤ ሴቶቹ እየተቀበሉ፣ እየዘፈኑ ወደ አውድማው አሻገሩት። ያንን ያህል ቀን የተሳቀበት እንጨት በእልልታ ሲሄድ አየሁት። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ የገደሉ አፍ ከዳር እስከ ዳር ተከልሎ አለቀ። ደምሌም ተመልሶ የጣራውን ቀዳዳ ደፈነላት፤ ጣሳዎቿ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ታኅሣሥ ላይ ገብሱን ወቃን። በሬዎቹ ሲያበራዩ፣ ሴቶቹ ያለ ፍርሃት ጠርዝ ጠርዙን ሲጠርጉ፣ አውድማው የሰፋ መሰለኝ። ከዚያ ማንፈስ ተጀመረ። ቸሬ መንሹን ይዞ ወደ ላይ ይበትናል፤ ነፋሱ እንደ ልቡ ያልፋል፤ ቸሬ «እንዲህ ነው!» እያለ ይፎክራል። ድንገት ነፋሱ ዞረ። ገለባው ፊቱ ላይ ተደፋ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄደ። ቸሬ በመቀመጫው አጣናው ላይ ተላተመና ቆመ።

እጁን ወደ ኋላ ሰዶ አጣናውን ዳሰሰው። ዓይኑን ሲከፍት ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ፅጌ» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«አቤት ቸሬ።»

«ያዘኝ።»

«ዛሬስ ማን ወደቀ?» አለችው።

እንዲያ ያለ ሳቅ በአውድማችን ላይ ተሰምቶ አያውቅም። ቸሬም ራሱ አጣናውን አቅፎ እየሳቀ፣ እንባው ከገለባው ጋር ፊቱ ላይ ጭቃ ሆነ። ያን ዕለት ሚስቱ አንድ እንስራ ጠላ ጨምራ አመጣች፤ ከዚያ ወዲህ ቸሬ ያንን አጣና ሳይስም አያልፍም ይባላል። ሲስም አላየሁም፤ ሲደባብሰው ግን አይቻለሁ።

ወሬው ወገዳ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ውዴም ለአባቷ ነገረቻቸው። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ የዝክሩም ቀን ሳይደርስ፣ አያ ክንዱ ከወገዳ በአይሱዙ ጋቢና ተጭነው መጡ። ከመኪናው መንገድ እኔ በበቅሎዬ አመጣኋቸው። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁኝ፦ «ከፍታው የት ድረስ ነው?» «እስከ ወገብ» አልኳቸው። «የማን ወገብ?» አሉኝ። የእማማ እመቤትን ቁመት እያሰቡ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እማማ እመቤት እንደ ልጃቸው አጭር ነበሩ።

ፅጌረዳ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ያ ድምፅ ሁሉ የት እንደገባ! «አባቴ፣ ይግቡ፤ አረፍ ይበሉ» ማለት ብቻ ቻለች። አያ ክንዱ ግን ስልቻቸውን እንደ ልማዳቸው በራፉ ላይ ሰቀሉና፣ በትራቸውን እየመቱ በቀጥታ ወደ አውድማው ሄዱ። ቀረብ ሲሉ እርምጃቸውን አሳጠሩ። በትራቸው ካቡን ነካ። እጃቸውን ዘረጉና የላይኛውን አጣና ያዙት፤ ይዘውም ገደሉን ቁልቁል እንደሚያይ ሰው ቆሙ። ከታች ነፋሱ መጥቶ ጋቢያቸውን ሞላው።

«ወገቧ ጋ ነው» አሉ ለራሳቸው። «ይይዛት ነበር።»

ፅጌረዳ ከኋላቸው ቆማ በነጠላዋ አፏን ይዛ ነበር። እኔ ይሄዳሉ ብዬ በቅሎዬን አልፈታኋትም። ቀትር ሊሞላ ነው፤ ሰዓታቸውን አውቀዋለሁ።

አያ ክንዱ መራመድ ጀመሩ። በአንድ እጃቸው አጣናውን እየዳሰሱ፣ እያንዳንዱን ያዝ ነቅነቅ እያደረጉ፣ ከዳር ጀምረው ይዞሩታል። አንዱን ነቀነቁ፤ ጠንካራ ነው። ሁለተኛውም። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እንደገና ነቀነቁት። ፊታቸው ተቆጣ።

«ይኼን ማነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ አያ ክንዱ» አለ ደምሌ ከሰው መሀል፣ አንገቱን ደፍቶ።

«እጅህ ይባረክ። ግን ላልቷል፤ ይሰማሃል? ላልቷል! በምስማር ብቻ ይታመናል እንዴ? እንጨት ሲደርቅ ይሸሻል። ሰው የሚደገፈው ነገር በጠፍር ነው የሚታሰር። ዕድሜ ልክህን አናጢ ሆነህ ይኼን አታውቅም?»

«አላወቅኩም አያ።»

«ፅጌ!»

«አቤት አባቴ።»

«ስልቻዬን ፍቺና ጠፍሩን አምጪልኝ። ከታች ነው፤ ልብሱን አውጪውና ታገኚዋለሽ።»

ፅጌረዳ ሮጣ ስልቻውን ቤት አስገባችው። ያ የዘጠኝ ዓመት ቋጠሮ ሊፈታላት አልቻለም፤ በጥርሷ ነው የፈታችው። ልብሱን እያወጣች አልጋው ላይ ደረደረችው፤ ተለዋጭ ሸማውን፣ የጸሎት መጽሐፉን፣ የእማማ እመቤትን አሮጌ መቀነት። ከሥሩ ጠፍሩን አገኘችና ይዛ ወጣች። ስታነባ እያየኋት «እልል» አለች፤ ከማዶ ያሉ በሬዎች ቀና አሉ።

አያ ክንዱ ጠፍሩን በውኃ አስነክረው፣ ካቡ ላይ ተቀምጠው፣ በጣቶቻቸው እየለኩ ሰባተኛውን አጣና ማሰር ጀመሩ። ደምሌ እየያዘላቸው ነው፤ እሳቸው እየወቀሱት ነው። «እንዲህ፣ ሳብ! አይ፣ እንዲያ አይደለም፤ አንተ ልጅ፣ ሳብ!» ስምንተኛውንም ፈተኑት፤ እሱም ላልቷል አሉ። ዘጠነኛውም።

እኔም በቅሎዬን ፈታሁና አሰማራኋት። ከዚያ ወደ ቤቴ ወጣሁ፤ ከጓሮዬ ክዳን ሳላበጅለት ሦስት ዓመት የቆየ ጉድጓድ ነበረኝ።